ዛሬ የሚሰማው የማን ጉዳይ ነው?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ መስታወት ቆራጩ የራሱን ጉዳይ የሰማው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ቢያንስ ለእሱ እንደዚያ መሰለው። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ለአንድ መታጠቢያ ቤት መስኮት የሚሆን ዝንጉርጉር መስታወት ጭሯል፤ አሁን ጭረቱን ይዞ ሊሰብረው አውራ ጣቶቹን ግራና ቀኝ አስደግፏል። ሰፈሩ "አንቀጽ" የሚለው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን የጠረገው ይኼኔ ነበር።

አንቀጽ ሕግ የሚባል ነገር ተምሮ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኖ ሲሠራ የሕግ መጻሕፍት በእጁ ስላለፉ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው ሲጣላም ሲጋባም አንድ አንቀጽ ሳይጠቅስ አያልፍም።

"ያንተ ነገር እኮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ" አለው።

"የቱ ነገር?"

"የእናትህ ነዋ! በሬዲዮ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰሞኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚሰማቸውን ጉዳዮች ሲዘረዝሩ፣ 'በእናታቸው ምክንያት የተካሰሱ እህትና ወንድም' አሉ። ካንተና ከእህትህ ሌላ በእናቱ የተጣላ ማን አለ?"

መስታወቱ ጭረቱን ስቶ ጥግ ድረስ ተሰነጠቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው መርሳት ከጀመረች ወዲህ የምትኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነበር። እህትየው ነርስ ናት፤ መድኃኒቱንም፣ ማጠቡንም፣ ማባበሉንም ታውቅበታለች። አንድ ቀን ግን እሱ "እኔስ ልጅ አይደለሁም ወይ?" ብሎ አስቸገረና እናቱን ወደ ቤቱ ወሰዳት። ደስ ብሏት መጣች። ወይም ደስ ያላት ትመስል ነበር፤ የእሷን ደስታ ከግራ መጋባቷ መለየት ካቃተ ቆይቷል። ብዙም ሳትሰነብት፣ እሱ ለደንበኛ መስኮት ሊገጥም በወጣበት፣ በሩን ከፍታ ሄደች። የተገኘችው በማግስቱ ነው፤ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ። እህቱ መጥታ ስትወስዳት አልጮኸችም። በጮኸችና በወጣላት ይሻል ነበር። "ዳግመኛ እናቴ አጠገብ ብትደርስ ፍርድ ቤት ነው የምገትርህ" አለችው፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ የለ፣ ሰላምታ የለ። እሱም ያጠፋ ሰው ነውና አፉን ይዞ ተቀመጠ።

"መጥሪያ አልደረሰኝም እኮ" አለ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት እንደያዘ። "ደግሞስ ከታች ሳይጀመር እንዴት ከላይ ይጀመራል?"

"በሌለህበት ነዋ! የታችኛው ፈረደ፤ ይግባኝ ተባለ። የመካከለኛው ፈረደ፤ ይግባኝ ተባለ። አሁን የላይኛው ሊሰማው ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል አልሰማህም?"

"ታዲያ እስካሁን የረታው ማነው?"

አንቀጽ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "ይግባኝ የሚለው የተረታው ነው። አንተ ይግባኝ ብለሃል?"

"ኧረ እኔ ምንም አላልኩም!"

"እንግዲያው ረትተሃል ማለት ነዋ። እንኳን ደስ ያለህ!" ብሎት ሄደ።

መስታወት ቆራጩ ያን ዕለት ሌላ መስታወት አልነካም። ባልተከራከረው ክርክር መርታቱ ሊያስደስተው ይገባ ይሆን? ከረታስ እናቱ የት አለች? እህቱ እንዲህ ትጨክንብኛለች ብሎ አንዴ ያዝናል፣ መልሶ ደግሞ "እኔስ ብሆን?" ይላል። ነጋ አልነጋ ብሎ፣ ያለችውን አንዲት ኮት ለብሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ።

የፍርድ ቤቱ ደረጃ ሰውን ገና ሳይፈረድበት የሚያደክም ነው። ከላይ ያሉት በሮች ወፍራም መስታወት ናቸው፤ አንደኛው ወደ ጎን ስላዘመመ ሲከፈት ወለሉን ይፍቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሞ በተመለከተው ነበር። ተፈትሾ ገባና መረጃ መስጫው መስኮት ፊት ተሰለፈ፤ ተራው የደረሰው ቀትር ሲያልፍ ነው።

"የመዝገብ ቁጥር?" አለችው ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት፣ ቀና ሳትል።

"እሱን ላውቅ ነው የመጣሁት፤ ዛሬ የሚሰማው የማን የማን ጉዳይ እንደሆነ ቢነግሩኝ..."

"ያለ ቁጥር አልፈልግም። ቁጥሩ መጥሪያዎ ላይ አለ።"

"መጥሪያ አልደረሰኝም።"

"እንግዲያው ባለጉዳይ አይደሉም።"

"በሌለሁበት ተፈርዶልኛል ነው የሚሉኝ።"

አሁን ቀና አለች። "ማነው እንደዚያ ያለዎት?"

"አንቀጽ።"

"አንቀጽ ስንት?"

"ቁጥር እንኳ የለውም፤ የሰፈራችን ሰው ነው።"

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በእስክሪብቶዋ ወደ ኮሪደሩ ጠቆመች። "የዕለቱ ጉዳዮች በየችሎቱ ተለጥፈዋል። እዚያ ይዩ። ቀጣይ!"

ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት፣ በመስታወት የተከደነ ሰሌዳ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። የቤተሰብ ጉዳይ ሲሆን የባለጉዳዮቹ ስም አይጻፍም፤ መነሻ ፊደሎቹ ብቻ ናቸው የሚቀመጡት። መስታወት ቆራጩ በጣቱ እየተከተለ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። የእሱ ፊደል። ከፊቱ የእህቱ ፊደል። ወረቀቱ "ሁለተኛ ችሎት፣ ጠዋት" ይላል። ወደ ስክሪኑ ዞር ቢል እነዚያው ፊደሎች እዚያም አሉ፤ ግን "አራተኛ ችሎት፣ ከሰዓት በኋላ" ነው የሚለው።

"ስክሪኑን አትመን፤ የትናንት ነው" አለው አጠገቡ የቆመ ጥበቃ።

"ወረቀቱ ነው እንጂ የትናንት" አለ ጥቁር ካባውን ክንዱ ላይ ጥሎ የሚያልፍ ጠበቃ።

ጥበቃውና ጠበቃው በዚህ ሲከራከሩ፣ እሱ ሰሌዳው ግርጌ ላይ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር አይቶ ደወለ። የተቀረጸች የሴት ድምፅ በለስላሳ አንደበት፣ ዛሬ የሚሰሙ ጉዳዮችን ማወቅ ከፈለጉ አንድን ይጫኑ አለችው። አንድን ተጫነ። ይህ አገልግሎት በአካል ቀርበው በመረጃ መስጫው መስኮት የሚሰጥ ነው አለችው። ወደ መስኮቱ ዞሮ ቢያይ ሰልፉ ደጅ ደርሷል።

ሁለተኛ ችሎት በሩ ዝግ ነው። በሩ ላይ የተቀመጠው ችሎት አስከባሪ የሰሌዳውን ፊደሎች ሲነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"እሱማ ተሰምቷል።"

መስታወት ቆራጩ ወደተዘጋው በር ጠጋ አለ። "ተሰማ ማለት... ተፈረደ?"

"ተሰማ ማለት ተሰማ ነው፣ ወንድሜ። መስማት ሌላ፣ መፍረድ ሌላ።"

"ታዲያ ምን ሰሙ?"

"ጉዳዩ የአራተኛ ችሎት መሆኑን ሰሙ። ወደ ላይ ውጣ።"

ወጣ። አራተኛ ችሎት ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ባለጉዳዮች ተደርድረዋል። ከእነሱ መካከል አንዷ ነጭ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አጥብቃ ይዛ፣ በሩ ላይ አፍጣለች። ጫማውን ከፊቷ በፊት አወቀው። እህቱ ናት።

መንገድ ላይ ሲመጣ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

"እትዬ" አለ ብቻ።

ቀና አለች። ፊቷ መጀመሪያ ሊፈካ ሲል አይቷል፤ ወዲያው ተከሰከሰ። "መጣህ? እንግዲህ ዳኛ ፊት ታቀርበኛለህ ማለት ነው? የገዛ እህትህን?"

"እኔ? አንቺ አይደለሽ የከሰስሽኝ?"

"እኔ መቼ ከሰስኩህ!"

"እገትርሃለሁ አላልሽም?"

"ሰው ሲናደድ የማይለው አለ? ሥራ ቦታ አንዲት አስታማሚ ከጋዜጣ አንብባ ነገረችኝ፤ እህትና ወንድም በእናታቸው ተካሰሱ ብላ። እሱ ነው ብዬ፣ በቃ ጨከነ ብዬ፣ ሌሊቱን ዓይኔ ሳይከደን ነው ያደርኩት። መጥሪያ ሲቀር ጊዜማ በሌለሁበት ሊያስፈርድብኝ ነው አልኩ።"

"ለእኔ ደግሞ ረትተሃል ነው ያሉኝ።"

"ማነው ያለህ?"

"አንቀጽ" ሊል ነበር፤ ተወው።

ተያዩ። እሱ አልከሰሰም፣ እሷ አልከሰሰችም። ታዲያ ሰሌዳው ላይ ያሉት እነማን ናቸው? "ምናልባት እናታችን ትሆን የከሰሰችን?" አለ በቁም ነገር። እህቱ መሳቅ ፈልጋ መሳቅ አልቻለችም። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ችሎት አስከባሪዋ እነዚያን ፊደሎች ጠራች። ሁለቱም እንደ ተማሪ ብድግ አሉ። ከአግዳሚው ጫፍና ጫፍ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች ተነሱ፤ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬና አንዲት ቀጭን ሴት። እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ፣ እያንዳንዳቸው ከየጠበቃቸው ጋር ገቡ።

"እነሱ ናቸው" አለች እህቱ። "የእኛ አይደለም። እንሂድ።"

አልሄዱም ግን። ለምን እንዳልሄዱ በኋላም ሁለቱም ሊናገሩት አልቻሉም። እየተገፋፉ ገብተው የኋላው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ዳኞቹ ከፍ ያለው መድረክ ላይ ናቸው። የሰውዬው ጠበቃ ተነስቶ ብዙ ተናገረ፤ ስለ ክፍሎች ስፋት፣ ስለ ሐኪም ቤት ርቀት፣ ስለ ደረጃ ብዛት። ቀጥሎ የሴትዮዋ ጠበቃ ተነሳችና እሷም ስለ ክፍሎችና ስለ ደረጃ ተናገረች። መስታወት ቆራጩ አንድ ቃል ሳያመልጠው አዳመጠ፤ ግን ነገሩ የሚጨበጥ አልሆነለትም። እህቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"አልገባኝም። ይህ ሰውዬ 'ስጡኝ' ነው የሚለው?"

"ይመስለኛል።"

"ታዲያ ቤቴ ጠባብ ነው ለምን ይላል?"

የመሃሉ ዳኛም ሳይደናገሩ አልቀሩም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ "በአጭሩ ይንገሩን፤ ደንበኛዎ እናታቸውን ይዘው መኖር ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?" አሉ።

"ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ እናታቸውን እጅግ ይወዳሉ። የሚሉት ግን፣ ከእህታቸው ጋር ቢኖሩ ለእናትየው ይሻላል ነው።"

"እርስዎስ?" አሉ ዳኛው ወደ ሌላዋ ዞረው።

"የእኔም ደንበኛ እናታቸውን እጅግ ይወዳሉ፣ ክቡር ዳኛ። ከወንድማቸው ጋር ቢኖሩ ይሻላል ይላሉ።"

ሽበታሙ ሰውዬ ጫማውን ያያል፤ ቀጭኗ ሴት የቀለበት ጣቷን ታሻሻለች። መስታወት ቆራጩ የእህቱ ክንድ ክንዱ ላይ ሲያርፍ ተሰማው። አውቃ ይሁን ሳታውቅ እንጃ።

"እሺ" አሉ ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ፣ "እናትየው አሁን የት ናቸው?"

ጠበቃው ጠበቃዋን አየ። ጠበቃዋ ደንበኛዋን አየች። ሴትዮዋ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንድሟ ዞረች፤ ወንድሟም ወደ እሷ። "እናንተ ዘንድ አይደሉም እንዴ?" የሚል ድምፅ ከአንዳቸው አፍ ወጣ፤ ከየትኛው እንደሆነ ከኋላ አይለይም ነበር። ዳኞቹ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩና አንድ ነገር ለጸሐፊው ተናገሩ። ሰው ሁሉ ተነሳ።

ኮሪደሩ ላይ እህቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ወደ እሱ ዞረች።

"ምን ብለው ወሰኑ?" አለችው።

"ቀጠሮ የሰጡ መሰለኝ። እናትየው እስኪገኙ።"

"ዘጉት መሰለኝ እኔ። መዝገቡ ይዘጋ ሲሉ ሰማሁ።"

"ይጣራ ነው ያሉት።"

"ይዘጋ ነው!"

ይጣራ፣ ይዘጋ እየተባባሉ ደረጃውን ወረዱ። በር ላይ ሲደርሱ እህቱ በድንገት ቆመች። "እማዬን ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁት" ብላ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው በሩጫ ቀረሽ እርምጃ አመራች። እሱም ተከተላት። ና አላለችውም፣ አትምጣም አላለችውም። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኗ ቆሞ ማንጠልጠያውን ያዘ። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ መስኮቱን እያየች፣ "ሐሙስ ሐሙስ የሌሊት ተረኛ ነኝ" አለችው። መስታወት ቆራጩ ይህ ወሬ ይሁን ልመና ሊለየው አልቻለም። ቢጠይቃት ትቆጣ ይሆናል፤ ዝም ቢል ደግሞ ያንን የችሎቱን ሰውዬ መምሰል ፈራ።

"ሐሙስ እኔ ሥራ የለኝም" አለ። ውሸቱን ነው።

እህቱ ቦርሳዋን ከአጠገቧ አንስታ እግሯ ላይ አደረገችና ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ።

እህቱ ቤት ሲደርሱ፣ እናታቸው ወንበሯ ላይ ሆና ጎረቤትየዋ የምትጠቀልለውን ክር ጫፉን ይዛላታለች። ሁለቱን አንድ ላይ በሩ ላይ ስታያቸው ክሩን ለቀቀች።

"የት ከረማችሁ?" አለች፣ ጠዋት አልብሳ ያበላቻትን ልጇን ጭምር።

"ሰዎች ተጣልተው፣ ፍርድ ቤት ሄደን ነበር፣ እማዬ" አለች እህቱ።

"ታረቁ?"

ልጆቿ ተያዩ። እህቱ ጎረቤቷን አመስግና ሸኘችና ወደ ኩሽና ገባች። ሦስት ሳህን አወጣች፤ አንዱን መልሳ መደርደሪያው ላይ አደረገችው፤ ቆይታ ደግሞ አወረደችው። መስታወት ቆራጩ ኮቱን ማውለቅ ይኑርበት አይኑርበት ሳያውቅ መሃል ወለሉ ላይ እንደቆመ ነው።

"ተቀመጥ እንጂ" አለችው እናቱ፣ "እንግዳ ነህ እንዴ?"

ልጄ ነህ ማለቷ ይሁን ወይም ማንነቱን መጠየቋ፣ ከፊቷ ሊያነበው ሞከረ። ምንም አልተገለጠለትም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።