መርዝ ያልበላች አይጥ

አጎቴ ጉጉቷን በሳሙና ካርቶን ይዟት ክሊኒኬ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣ "ብርድ መቷት ይሆናል። አንድ መርፌ ወጋ አድርጊያትና ይዣት ልመለስ" አለኝ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ አጎቴ የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው። ጉጉቷ መጋዘኑ ጣሪያ ሥር ትኖራለች፤ እሱም እንደ ባልደረባው ነው የሚያወራት።

የአፏ ውስጥ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ከክንፏ ሥር በቀጭን መርፌ ደም ቀዳሁና ቦታውን በጥጥ ይዤ ሰዓቴን ተመለከትኩ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በሁለት ደቂቃ ይዘጋል። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ጥጡን ሳነሳው አሁንም ይደማል።

"ጋሼ፣ ይቺ የአይጥ መርዝ ነው የገባባት።"

"እሷ? እሷ መርዙን ዞር ብላም አታየው። የበላችው አይጧ ናት።"

"አይጧንስ ማን በላት?"

"አይጧማ ሞታለች። የሞተች አይጥ ደግሞ ምን ታመጣለች?"

ይህንን በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ አስረድቼዋለሁ። መርዙ ደም እንዳይረጋ ነው የሚያደርገው፤ በዕለቱ አይገድልም። አይጧ አራት አምስት ቀን እየተንገዳገደች ትቆያለች፣ መርዙንም እየደጋገመች ትበላለች። የበላችው ጉበቷ ውስጥ ይጠራቀማል። እሷን የበላ ሁሉ አብሮ ይውጠዋል። ሦስቱንም ጊዜ "ገባኝ፣ ገባኝ" ብሎኝ ነበር።

"ግን ይሄን ያህል መርዝ እንዴት ሊጠራቀምባት ቻለ?" አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

የካርቶኑን ክዳን እያስተካከለ፣ "እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑ ነው አንተ?"

"ጠዋት ሳስጠርግ የሚገኙትን የሞቱ አይጦች ሰብስቤ የኋላው መስኮት ላይ እደረድርላታለሁ። ሦስት ልጅ ይዛ እኮ ነው። ባሏ ደግሞ ሰነፍ ነው። ከሚጣሉ ብዬ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ። አንድ ቀን አላጓደልኩም።"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ደም የሚያረጋውን መድኃኒት ወጋኋት፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ሞተች። አጎቴ በዓይኑ ያላየውን ስለማያምን፣ ስከፍታት አጠገቤ አቆምኩት። ደረቷ ውስጥ የፈሰሰው ደም ምንም አልረጋም።

"ውሃ ይመስላል" አለ ቀስ ብሎ።

"አዎ። አሁን ተነስ፣ መርዙን እንሰብስብ።"

"ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል። አንድ የአይጥ ኩስ ቢያገኝ የሚያባርረው እኔን ነው፤ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።"

"የበሩን ሥር በቆርቆሮ ዝጋ፣ ወጥመድ አስቀምጥ።"

"ወጥመዱን ማን ሲጠብቅ ይውላል?"

"አንተ።"

መጋዘኑ ሄደን እያጉረመረመም ቢሆን ሰበሰበ። አርባ የመርዝ ሳጥን ነበረው፤ እያንዳንዱ ላይ በቀለም ቁጥር ጽፎበታል። እንዲህ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው። ከዚያ መሰላል አስደግፈን ወደ ጫጩቶቹ ጎጆ ወጣሁ። አንዷ ጫጩት ሞታለች፤ ሁለቱ ይተነፍሳሉ። አባትየው ከእሑድ ጀምሮ አልታየም። ሁለቱን አውርደን ቢሮው አስገባናቸው፤ በየቀኑ የሚሰጣቸውን የዚያኑ መድኃኒት ጠብታም አሳየሁት።

"የዶሮ ሥጋ እየቆራረጥክ ስጣቸው። ግን ሥጋ ብቻውን ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አያቆያቸውም፤ ከነአጥንቱ፣ ከነጸጉሩ የሆነ ሙሉ አይጥ ያስፈልጋቸዋል። መርዝ ያልበላ። ከመጋዘኑ አንድም እንዳትሰጣቸው።"

"አይጥ ጠፍቶ ነው? ከጎረቤት በወጥመድ እይዛለሁ።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ተቆጣጣሪው ምንም ሳያገኝ ሄዷል። ድምፁ ግን የደስተኛ ሰው ድምፅ አልነበረም።

"አሥራ አንድ ቤት ዞርኩ" አለ። "ሁሉም መርዝ አድርገዋል።"

"ሁሉም? ከየት አገኙት?"

እንደገና ስለ ተቆጣጣሪው ማውራት ጀመረ።

"ጋሼ?"

"አምና ተርፎ ነበር። ለሰፈሩ አደልኩት። ስንቱ መረቀኝ።"

ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። "ያላደልከው ሰው የለም?"

"አንዲት ሴትዮ አለች፤ አጥር የምንጋራት። ለእሷ አልሰጠኋትም። ሰባት ዓመት ተኳርፈናል።"

"አይጥ አላት?"

"ሞልቷታል። ኮርኒሷ ላይ ሲሯሯጡ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።"

"በል እንግዲህ ወጥመድህን ያዝና ሂድ።"

"ሴትየዋን አታውቂያትም አንቺ። በሩን ፊቴ ላይ ነው የምትዘጋው። ምን ብዬ ልጀምር?"

"ጫጩቶቹ መቼ ነው የበሉት?"

"ጠዋት። ትንሿ ሥጋውን ተፋችው።"

"ለእሷም እንደሱ ብለህ ጀምር" አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።