በፊደል ተራ

ስህተቱን ያገኘችው ፎቶግራፍ ፍለጋ ሄዳ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ በጤና ኮሚቴው ፊት የምታቀርበው ጽሑፍ አልቋል፤ ቁጥሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ተደምሯል። የጎደለው የመጨረሻው ገጽ ላይ የሚገባ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ለፎቶው ደግሞ ከአክስቷ የተሻለ ማን አለ ብላ፣ አክስቷ ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ወደሠራችበት ጤና ጣቢያ ጎራ አለች።

ልጅቷን የሥራ ባልደረቦቿ «ማስመሪያ» ይሏታል። የተጣመመ መስመር ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም ለማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በጤና መምሪያው የወጣቶች ቡድን መሪ ናት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምረው ያቋረጡ ሰዎች ለምን እንዳቋረጡ በስልክ የሚመዘገብበትን ቅጽ የሠራው ይኸው ቡድን ነው። ቅጹ በአንድ ዓመት ውስጥ ያሳየው ነገር ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ወጣ፤ ካቋረጡት ከመቶ ስድሳ ሦስቱ ምክንያታቸው ሀፍረት ነው ተባለ። ኮሚቴውም አምኖ፣ ለሙከራ የአክስቷን ጨምሮ በሦስት ጤና ጣቢያዎች የንጋቱን የመድኃኒት መስኮት አዘጋ። የመስኮቱ ነርሶች ያፈሩትን እንዲመክሩ ወደ ምክር ክፍል ተዛወሩ። አሁን የምታቀርበው ጽሑፍ ይኸው በአርባዎቹም ጤና ጣቢያዎች እንዲደረግ የሚጠይቅ ነው።

አክስቷ ጠረጴዛው ላይ የካርድ ክምር አስቀምጣ፣ ስልኩን በግራ እጇ ይዛ በአውራ ጣቷ ትሞላለች። በር ላይ አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል።

«እቴቴ፣ ትንሽ ቀና በይልኝ።»

«ቀና ካልኩ ሰልፉ ቀና አይል። እዛው አንሺኝ።»

ማስመሪያ ስልኳን አነጣጠረች። የአክስቷ ጣት ሲሄድ ታያለች። ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ምክንያት፣ እሺ። ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ምክንያት፣ እሺ። ምክንያት ላይ ሲደርስ ጣቱ አያመነታም። አራት ካርድ ቆጠረች። አራቱም ላይ ጣቱ ያረፈው አንድ ቦታ ነው።

«ይኼኛው ለምንድነው ያቋረጠው?»

«እኔ ምን አውቄ? ካርዱ ነው ያለው፤ ሰውየው የለ።»

«ሀፍረት ብለሽ ሞላሽ እኮ።»

«እሱ ከላይ ያለው ነው። አንዱን ካልነካሁለት አላሳልፍም ይላል የናንተ ነገር።»

«ከሥሩ ‹ሌላ› የሚል አለ።»

«‹ሌላ›ን የነካሁ ለትማ ጉድ ፈላ! አብራሪ ይለኛል፤ ሃያ ፊደል ካልጻፍኩ አይለቀኝም። ያንን ሰልፍ እያየሽ?»

ማስመሪያ ፎቶውን ሳታነሳ ስልኳን ዝቅ አደረገች። ቅጹ ሲሠራ ፕሮግራም ጸሐፊው ምክንያቶቹ በምን ቅደም ተከተል ይሁኑ ብሎ ጠይቋት ነበር። ሁለት ቀን አስባበት «በፊደል ተራ ይሁን፤ ለማንም እንዳናዳላ» አለችው። ስለዚሁ ጥንቃቄዋ በጥናቱ ላይ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፋለች። ሀፍረት በ‹ሀ› ጀመረና አናት ላይ ወጣ። «የሰዓት አለመመቸት» የሚለው በ‹የ› ስለሚጀምር ከታች፣ ገጹን በጣት ካልገፉት የማይታይበት ቦታ ቀረ። ሁሉንም አሁን አየችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

አክስቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቷን ከስልኩ አነሳች። «ልነግርሽ ነበር። ከዛ በቴሌቪዥን ወጣሽ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ የወንድሜ ልጅ ናት ብዬ አስቀመጥኩ። እንደዛ ኮርቼብሽ ሳበቃ፣ ይኼ እኔ በደመ ነፍስ የምነካው ነገር ነው ልበል?» መሳቢያውን ስባ የተጨማደደ ደብተር አወጣች። «ሰልፍ ባልነበረ ጊዜ በስልክ እየደወልኩ እጠይቃቸው ነበር። ውሰጂው፤ ላንቺ ይሆናል።»

ማስመሪያ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ደብተሩን እያንዳንዱን መስመር አነበበች፣ ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች። ሠላሳ አንድ ሰው። ሃያ አራቱ መስኮቱ ሲዘጋ ከሥራ በፊት መድረስ ያልቻሉ ናቸው። ሦስቱ ከሰፈር ለቀዋል፤ ሁለቱ ድኛለሁ ብለው ትተውታል። ያፈሩ ሁለት።

በአሥር ሰዓት አክስቷ ነጭ ገዋኗን አውልቃ «ነይ፣ አንዱን ላሳይሽ» አለቻትና ሁለት መንገድ ተሻግረው ዳቦ ቤት ገቡ። አክስቷ አራት ዳቦ አዘዘች፤ ጋጋሪውን ደግሞ በአገጯ ወደ ውጭ ጠራችው። ሰውየው ክንዱን እያራገፈ በጎን በር ወጣ።

«የት ቀረህ አንተ?»

«እኔ ቀረሁ? እናንተ ናችሁ እንጂ የቀራችሁት! እኔ አሥራ ሁለት ተኩል ምድጃው ጋ መቆም አለብኝ፤ የምወጣው ማታ ነው። እናንተ በመሃል ከፍታችሁ በመሃል ትዘጋላችሁ። አለቃዬ አንድ ቀን ውጣ ይለኛል፤ በየቀኑ ይለኛል?»

«አፍሮ ነው የቀረው ተብሎ ተጽፎልሃል።»

«እኔ? እኔ አፈርኩ?» ሳቁ ከሆዱ መጣ። «ሚስቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ሀፍረት የሚባል አልፈጠረብህም ስትለኝ ኖረች፤ ተገኘለት በሏት! ማነው ያገኘው?»

ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አፉን በክርኑ ሸፈነ። ማስመሪያ ሳታስበው ቆጠረች፤ ዘጠኝ ጊዜ ሳለ። አክስቷ ቀስ ብላ ወደ እሷ ዞረችና ጠበቀች። ማስመሪያ ግን ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ዳቦ መቁጠር ያዘች። ሰውየው «በሉ ምድጃው አይጠብቀኝም» ብሎ ገባ።

በነጋታው ነገሩን ለፕሮግራም ጸሐፊው ነገረችው። ጸጉሩን አሻሸ።

«‹የመረጃ ጥራት ውስንነት› ብለን በግርጌ እናስገባው። ሁሉም ያስገባል፤ ማንም አያነበውም።»

«ማንም ካላነበበው ለምን እናስገባዋለን?»

«ለዚሁ ነዋ!»

ተቆጣችው፤ ነገር ግን ሐረጉን ወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

በስብሰባው ዕለት የኮሚቴው ሰብሳቢ ቆመው አስተዋወቋት። ወጣት ሲመራ ሥራ እንዴት እንደሚፈጥን፣ ከእሷ ቀጥሎም ሌላ የወጣት ቡድን ስለ ትምህርት ቤት ውኃ እንደሚያቀርብ ተናገሩ። ቀጣዮቹ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ሦስት ናቸው፣ ትልቋ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ማስመሪያ ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጋች።

«ከመጀመሬ በፊት፣ ጥናቱ የመረጃ ጥራት ውስንነት አለበት።»

ሁሉም በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ትሕትናዋን ተመልከቱልኝ» አሉ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ጭብጨባው በጥፊ እንደተመታች አደረጋት።

«አልገባችሁም» አለች። «ሸፋፍኜ ስለተናገርኩ ነው። ሀፍረት የሚለው ከዝርዝሩ አናት ላይ ነበር። በፊደል ተራ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ነርሶቹ ፋታ ስለሌላቸው የመጀመሪያውን እየነኩ አለፉ። ሄጄ ሲሞሉ ያየሁት ከትናንት ወዲያ ነው፤ ቅጹ ሥራ ከጀመረ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል። ስድሳ ሦስት ያልኳችሁ የሰዎች ምክንያት አይደለም። መስኮቶቹን ያዘጋሁት በዚህ ነው።»

አንዲት አረጋዊት ሐኪም መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ለምንድነው የሚያቋርጡት፣ ልጄ?» አሏት።

«በአንድ ጤና ጣቢያ ከሠላሳ አንዱ ሃያ አራቱ በሰዓቱ ምክንያት ነው። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጡት፣ ከመጀመሪያውም የወጣቶች ቡድን የሚባለውን ነገር ያልወደዱት ሰው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «እኔ ብዬ ነበር። መንግሥት የልጆች መለማመጃ አይደለም።» ይህን ሲሉ ያዩት እሷን አይደለም፤ የኋላውን ወንበር ነው። ትልቋ ልጅ ወረቀቷን ለሁለት አጠፈች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ የእነሱ...» ብላ ጀምራ ነበር። ሰብሳቢው ግን ወደ ውሳኔ ገብተዋል። ሦስቱ መስኮቶች ከሰኞ ጀምሮ ይከፈቱ፤ ቅጹ ይታገድ፤ የውኃው ጥናት በሌላ አካል ተጣርቶ ሌላ ጊዜ ይቅረብ። ልጆቹ ከአዳራሹ ሲወጡ በአጠገቧ አለፉ። ሰላም አላሏትም፤ አልፈረደችባቸውም።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መስኮቱ ሲከፈት ከአክስቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። ጋጋሪው አክስቷ ደውላለት፣ አክታው ተመርምሮ ሦስተኛ ሆኖ ቆሟል። ተራው ደርሶ ሲጠጋ ተመለከታትና «ይቺ ያን ቀን አብራሽ የነበረችው አይደለች? ማናት?» አለ። አክስቷ መድኃኒቱን ከመቁጠር ቀና አላለችም።

«አፍረህ እንደቀረህ ለመንግሥት የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለች ማስመሪያ። «ሳልጠይቅህ። መስኮቱም የተዘጋው በኔ ቃል ነው።»

ከኋላው የቆሙት ሰሙ። ሰውየው ለቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ቀልዱ አልመጣለትም። ክኒኖቹን በአንድ ጉርሻ ዋጠ፤ ውኃውን ጨለጠ።

«ስንት ቀን ቀረኝ?»

ማስመሪያ ካርዱን ማየት አላስፈለጋትም፤ ሌሊቱን ስታሰላው ነው ያደረችው። ከሁለት ወር በላይ ያቋረጠ ሰው ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው።

«መቶ ሰባ ዘጠኝ።»

«ሃምሳ አንድ ነበር እኮ የቀረኝ።»

«አውቃለሁ።»

ኩባያውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ። «በሉ፣ ነገም ከከፈታችሁ እመጣለሁ» አለ ለአክስቷ፤ ለእሷ አይደለም። ሮጥ ሮጥ እያለ መንገዱን ተሻገረ። ቀጣዩ ሰው ተጠጋና መዳፉን ዘረጋ። ማስመሪያ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ቆጥራ አስቀመጠችለት። ማን ይሁን ማን አላየችም፤ ከመዳፉ በላይ ቀና ማለት አቅቷት ነበር።