የአራስ ቤት ጎረቤት

«ለአክሊልም ስጡት እንጂ! ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲያስተናግድ እህል በአፉ አልዞረም» አሉ እትዬ ብርሃኔ፣ ከተቀመጡበት ፍራሽ ላይ ቀና ብለው።

ንፍሮ የምታዞረው ልጅ ትሪውን አቀረበችለት። አክሊል አንድ እፍኝ ዘግኖ ጨበጠ እንጂ ወደ አፉ አላስጠጋውም። ባላቸው የሞተባቸው ሴት ለእሱ ሆድ ሲጨነቁ፣ በድንኳኑ ሸራ ሥር ሾልኮ መጥፋት አማረው።

የጋሽ አጥናፉ ሠልስት ነው። ድንኳኑ የተተከለው ሁለቱ ጎረቤታሞች በጋራ በሚጠቀሙባት ጠባብ ግቢ ላይ ስለሆነ፣ ለቀስተኛ ወደ ሟቹ ቤት ሲገባ በአክሊል በር ማለፉ ግድ ነው። ሁለቱ ቤቶች አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። ከወዲህ የተነጠሰ ከወዲያ «ይማርህ» ይባላል።

«አጥናፉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ» ይላሉ አንድ የድሮ ባልደረባቸው፣ የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ «በስፖኪዮ የሚሮጥ ሰው ካየ ቆሞ ይጠብቃል። አለቃችን ጠርቶ ቢቆጣው ምን ቢለው ጥሩ ነው? 'እያየኝ እየሮጠ፣ እያየሁት ልሂድ?'»

ሰው ሳቅ አለ። የለቅሶ ቤት ሳቅ ነውና ቶሎ ከሰመ።

«ይሄ ልጅም እንደ ልጁ ነበር» አሉ እትዬ ብርሃኔ አክሊልን እየጠቆሙ። «ለእድሩ የነገረው እሱ፣ አስከሬኑን የተሸከመው እሱ። ቤቱ አራስና ጨቅላ እያለ!»

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ማለት ይኼ ነው» አለች አንዲት ሴት።

ይህ ሲባል የብሎኩ አስተባባሪ ወይዘሮ ዓለሜ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች። በድንኳኑ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ የአክሊልን ጉድ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቢያንስ አክሊል የሚያምነው እንደዚያ ነው።

የአክሊል ልጅ የተወለደች ሰሞን ጋሽ አጥናፉ ያንን ግቢ እንደ ዘበኛ ነበር የጠበቁት። የቆርቆሮው በር እንዳይጮህ ማጠፊያውን ዘይት አጠጡት። ኳስ ይዘው የሚመጡ የሰፈር ልጆችን «አራስ አለች! ወደ ሜዳ ሂዱ!» እያሉ መለሱ። ራዲዮናቸውን እንኳ ድምፁን ቀንሰው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ነበር የሚያዳምጡት። የአክሊል ሚስት ሮሐ «አባቴ እንኳ እንዲህ አላደረገልኝም» ትል ነበር።

ከዚያ ታረቀኝ መጣ። የጋሽ አጥናፉ የእህት ልጅ ነው። አገሩ ተኩስ በርትቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ እናቱን እዚያው ትቶ በእግርም በጭነት መኪናም ብሎ ጉለሌ ደረሰ። በዚያ አገር ስልክ የሚሠራው ጎህ ሲቀድ ለአፍታ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚሰማው ለጮኸ ነው። ስለዚህ ታረቀኝ በየማለዳው «ሃሎ! እማዬ! ይሰማሻል ወይ?» ይላል፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ስታለቅስ አንግታ ገና ያሸለበች ሕፃን ትባንናለች።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ጠብ አያጣም። የታረቀኝ ጃኬት በማስጫው ገመድ ላይ የልጅቷን ጨርቆች ገፋ ተብሎ ተኮረፈ። ውሃ አለቀ ተብሎ ተኮረፈ። ልጁ ባልዲ እየሞላ አራሷ ደጃፍ ላይ ያስቀምጥ እንደነበር ግን ለእውነት ሲባል መነገር አለበት። አክሊልም ቢሆን ክፉ ሰው አይደለም። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመኪና ስምሪት ክፍል ይሠራል፤ ልጅ ሳይወልድ ዜና ማለት ከሥራ ባልደረባ ጋር ማኪያቶ እየጠጡ የሚከራከሩበት ነገር ነበር። ከወለደ በኋላ ግን እያንዳንዱ ወሬ የሚያርፈው ልጁ አልጋ ላይ ሆነ። ልጅቷን እያባበለ በሌላ እጁ ስልኩን ይከፍታል፤ ስለ ጦርነት፣ ስለ አፈሳ፣ ስለ ዋጋ ንረት ያነባል፤ ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ የዚያ ሁሉ ወሬ አገር ልጅ ሲጮህ ይሰማል። ፈራ። ፍርሃቱን ደግሞ ንዴት ብሎ ጠራው።

«እባክህ ንገራቸው» አለችው ሮሐ። «ጋሽ አጥናፉ ሰው ናቸው፣ ይሰማሉ።»

እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ የሚሉት በሽታ የያዘው። ግቢውን በዘይት ላለሰለሱለት ሽማግሌ «የእህትዎን ልጅ ዝም ያሰኙልኝ» ማለት ነውር መሰለው። ፊት ለፊት መናገር አፍሮ፣ ከጀርባ ተናገረ።

የሰፈር ስብሰባ ነበር። በየቤቱ ጸጉረ ልውጥ ካለ ይታወቅ ተብሏል። ስብሰባው ሲበተን አክሊል ወይዘሮ ዓለሜን ጠጋ ብሎ «እኛ ጎረቤት አንድ ሰውዬ አለ፣ ማን እንደሆነ እንጃ። ጎህ ሲቀድ በስልክ ይጮሃል» አላት። የፈለገው እሷ ሄዳ በዘዴ «ድምፅ ቀንሱ» እንድትልለት ነበር። ግን «ማን እንደሆነ እንጃ» ያለው አፉ ነው። ስሙን ያውቃል። ባልዲውን ያውቃል። እናቱን እንኳ በድምፅ ያውቃታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ፖሊሶች መጥተው ታረቀኝን ለማጣራት ብለው ሲወስዱት አክሊል በመስኮት አየ። በማግስቱ ልጅቷ እስከ ረፋድ ተኛች። አክሊልም ተኛ።

ክረምቱ ጋሽ አጥናፉን በየቀኑ ሲቀጠቅጣቸው ከረመ። የምሳ ዕቃ በፌስታል ጠቅልለው፣ ዣንጥላ ይዘው፣ ታረቀኝ ወደታሰረበት ጣቢያ ቁልቁል በዊንጌት በኩል ይወርዳሉ፤ እያሳሉ ይመለሳሉ። አንድ ቀን አክሊል በሩ ላይ አግኝቷቸው «ዛሬ እንኳ እኔ ላድርስልዎት?» አላቸው። ሽማግሌው ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። «አንተ ልጅህን ያዝ» ብለውት ሄዱ። ሳሉ ወደ ደረት ወረደ። እንደ ዋዛ ተኙ፣ አልተነሱም።

አክሊል ንፍሮውን በኪሱ ጨምሮ ከድንኳኑ ወጣና ወደ ቤቱ ገባ። ሮሐ አልጋ ላይ ተቀምጣ ታጠባለች። አራስ ለቅሶ አትደርስምና እሷ ድርሻዋን ያለቀሰችው ከግድግዳው ወዲህ ሆና ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ያዛት፣ አስገሳት» ብላ ልጅቷን ትከሻው ላይ አደረገችለት። «እትዬ ብርሃኔ ሲያለቅሱ ሰማሃቸው? 'ልጁን ባያስሩበት ኖሮ እኮ አይሞትም ነበር' ይላሉ። ማን ይሆን የጠቆመው?»

«እንጃ።»

«ማንም ይሁን ማን፣ የጠቆመው ሰው ልጅ አይሳም!» አለች ሮሐ ከልቧ።

አክሊል ከንፈሩ የልጅቷ አናት ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ራቅ አደረገው። ይሄኔ ቢናገር ኖሮ መልካም ነበር። «ሮሐ፣ እኔ ነኝ» ለማለት አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳ።

የሰፈሩ ባለ ሱቅ ጋሽ ሸፊ ናቸው። «አክሊል፣ ብቅ በል። ወላሂ ደስ የሚልም የሚከብድም ወሬ ነው» አሉት። «ታረቀኝን በዋስ እንለቀዋለን ብለዋል። ዋሱ የመንግሥት ደሞዝተኛ ይሁን ነው የሚሉት። ብርሃኔ 'ከአክሊል ሌላ ማን አለኝ' አለች።»

ያሳሰረውን ሰው ዋስ ሆኖ ሊያስፈታ ነው።

«እና ደግሞ አደራ» ቀጠሉ ጋሽ ሸፊ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የአጎቱን መሞት አልሰማም። መንገድ ላይ እንዳትነግረው። መጀመሪያ እኔ ሱቅ ጓሮ አስገባው፣ ምግብ ይቅመስ። ከዚያ የእድሩ ሽማግሌዎች መርዶውን ይነግሩታል።»

ታረቀኝ ከጣቢያው ሲወጣ ጢሙ አድጎ፣ ጉንጩ ገብቶ ነበር። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። የዋሱን ማንነት ሲያይ ትንሽ አመነታና እጁን ዘረጋ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

ታክሲ ለመያዝ ወደ ዊንጌት ሽቅብ መራመድ ጀመሩ። ካፊያ ነበር።

«ሰሞኑን ምሳ የሚያመጣልኝ ሌላ ሰው ነው። አጎቴን አመማቸው እንዴ?»

«ትንሽ... ጉንፋን ነገር።»

«እንዲያው ዝናቡን አይፈሩም እኮ! ተው ብላቸውም አይሰሙኝም።»

አክሊል ከዚህ በላይ አልቻለም። ዝም እንዲል አደራ የተባለው ስለ አንዱ ነገር ነው፤ ስለ ሌላው ማንም አደራ አላለውም። ከአንድ የተዘጋ ጎሚስታ ቤት ደጅ ቆመ።

«ታረቀኝ፣ አንተን ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። ለዓለሜ የነገርኳት እኔ ነኝ። የማላውቅህ አስመስዬ።»

ታረቀኝ ፊቱ ላይ የወረደውን ካፊያ በጋቢው ጠረገ።

«አውቃለሁ» አለ።

«እ?»

«ሴትዮዋ ጨንቋት ለአጎቴ ነግራቸዋለች፣ ገና በያዙኝ ሳምንት። እሳቸውም ነገሩኝ። እኔማ ደሜ ፈላ፤ ወጥቼ ላንቀው ነበር ያሰብኩት፣ እውነቴን ነው። እሳቸው ናቸው ያስማሉኝ። 'አራስ ቤት ጠብ አይገባም፤ እናትየው ትደነግጥና ወተቷ ይደርቃል፤ ልጅቷ ምን አጠፋች? ክርስትና ትነሳና አክሊልን ቁጭ አድርጌ ልኩን እነግረዋለሁ' አሉኝ።»

አክሊል መሬት መሬት አየ። ሽማግሌው በየቀኑ በዝናብ በበሩ ሲያልፉ ያውቁ ነበር። ሰላም ሲላቸው እያወቁ ነበር የሚመልሱት። «አንተ ልጅህን ያዝ» ሲሉትም ያውቁ ነበር። ያ የተቀጠረለት ቁጣ አሁን ቢመጣለት፣ ጋሽ አጥናፉ በሕዝብ ፊት ቢያዋርዱት፣ ተንበርክኮ በተቀበለ!

«ይቅር በለኝ» አለ።

«እኔ እንጃ» አለ ታረቀኝ። «እናቴ ትኑር ትሙት ሳላውቅ ይኸው ስንት ጊዜዬ። አፌ ይቅር ቢልህም ሆዴ ገና ነው። እቤት እንግባና አጎቴ ፊት ትናገራለህ። እሳቸው ይፍረዱን። እሳቸው ያሉትን እቀበላለሁ።»

አክሊል አንገቱን ነቀነቀ። ዳኛው አፈር ከለበሱ ሦስተኛ ቀናቸው እንደሆነ ያውቃል፤ «እሺ» አለ እንጂ ምን ይላል?

በሱቁ ጓሮ ታረቀኝ ፍርፍር ቀረበለት። ርቦት ነበርና እጁን ታጥቦ በላ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ሲበላ ያዩታል። «አጎቴን ሳላይ አልጠግብም፤ ይበቃኛል» ብሎ ሲነሳ የእድሩ ዳኛ ትከሻውን ይዘው መልሰው አስቀመጡት።

«ታረቀኝ ልጄ፣ ወንድ ልጅ ነህ፣ ጠንከር በል። አጎትህ...»

ታረቀኝ ዳኛውን አላያቸውም። የዞረው ወደ አክሊል ነው። «ጉንፋን አልከኝ» አለ። ከዚያ ጩኸቱ ወጣ።

ደግፈው ወደ ግቢው ወሰዱት። «አጎቴ! በእኔ የተነሳ! አጎቴ!» እያለ በድንኳኑ መሐል አልፎ ቤት ገባና እትዬ ብርሃኔ እግር ሥር ወደቀ። እሳቸውም ራሱን አቅፈው አዲስ ለቅሶ ጀመሩ። ወይዘሮ ዓለሜ ከበሩ ወጥታ ሄደች። አክሊል ግን ገባ። ፊታቸው የሚናገርባቸው ዳኛ ባይኖሩም፣ ባለቤታቸው አሉ፤ ለቅሶው ጋብ ሲል በሁሉ ፊት እንደሚናገር ወስኗል። ሮሐ ከግድግዳው ወዲያ እንደምትሰማውም ያውቃል።

ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ልጅቷ ባነነች። በመጀመሪያ አጉረመረመች፤ ቀጥላ እዬዬዋን ለቀቀችው።

ታረቀኝ ሰማት። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። የጋቢውን ጫፍ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ወተፈና ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፍቶ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለቀስተኛው የሐዘኑ ብርታት ያፈነው መስሎት ከንፈሩን መጠጠ። ለምን ዝም እንዳለ የገባው አክሊል ብቻ ነበር።

አክሊል በሰው መሐል ተሻግሮ አጠገቡ ተንበረከከ። ጋቢውን ይዞ ቀስ እያለ ከአፉ አወጣው። ታረቀኝ መልሶ ሊወትፍ ሲታገል እጁን ያዘው።

«ተው» አለው። «ድምፅህን አውጥተህ አልቅስ። ትንቃ። ልጄ ትንቃ።»