የታጠበው ስፖንጅ

"ነይ እስኪ! ዓሦቹ ምን ሆነው ነው?" ብላ ዴሳንካ ከሳሎን ስትጮህ፣ ራዶይካ ለነገው የባሏ አርባ የቅርብ ዘመድ ወደ መቃብሩ የሚወስደውን የስንዴ ንፍሮ ፎጣ ላይ እያሰጣች ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ እህቷ ሮጠች።

የሟች ባሏ የሚሎራድ ዓሦች በመስታወት ገንዳቸው ውስጥ ውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሚሎራድ ጥፍር ከማያህሉበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደጋቸው ሁለቱ ትልልቆች የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ደም መስሏል። አንዲት ትንሽ ዓሣ ደግሞ ሞታ ጠጠሩ ላይ ተጋድማለች።

"ርቧቸው ነው መሰለኝ፤ ትንሽ ልጨምርላቸው" አለች ዴሳንካ የምግቡን ቆርቆሮ እያነሳች።

"አሁን ጠዋት ሰጥተሻቸው የለም እንዴ? ተይ ባክሽ! እጅሽን ሰብስቢ!"

ራዶይካ ቆርቆሮውን ነጠቀቻት። ቤቱ ውስጥ የሚሎራድን እጅ የለመደ ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር እነዚህ ዓሦች ብቻ ናቸው። ጠዋት ጠዋት መስታወቱን በጣቷ መታ መታ ስታደርግ፣ ለእሱ ይመጡ እንደነበረው ወደ እሷ ይመጣሉ። እነሱም ከሄዱ ሚሎራድ ዳግመኛ ሞተ ማለት ነው። የፈለገ ይሳቅባት፣ እሷ የምታስበው እንዲህ ነው።

ምን እንዳጠፋች ግን አላወቀችም። በከተማቸው በቻቻክ የሐዘን ቤት አርባው ሲቃረብ ከመጋረጃው እስከ አምፖሉ ይታጠባል፤ የሚሎራድ አክስቶች ደግሞ ቁም ሳጥን አናት ላይ ጣታቸውን እየሰደዱ አቧራ የሚፈልጉ ሴቶች ናቸው። ሰሞኑን እህትማማቾቹ ቤቱን ሲፈትጉ ራዶይካ የዓሣ ገንዳውን ማጣሪያ ከፈተች። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ጭቃ የጠጣ፣ የሚያስጠላ ነገር ነበር። ይህን አክስቶቹ ቢያዩት ምን ይሉኛል ብላ፣ በፈላ ውሃና በበረኪና አሽታ አሽታ አዲስ አስመሰለችው። ጠጠሩንም አልማረችውም። ገንዳው ሲያበራ እንዴት ደስ ብሏት ነበር!

"ለቲሆሚር ደውይለት" አለች ዴሳንካ።

"ለማን? በወንድሙ ቀብር ቀን እንኳ ከኋላ ቆሞ ውልቅ ላለው ሰው?"

"ታዲያ እነዚህን ማን ያድናቸው? አክስቶቹ?"

ቲሆሚር የሚሎራድ ታናሽ ወንድም ነው። ከአባታቸው በወረሱት የፕሪም እርሻ ተጣልተው፣ ሳይታረቁ ሞት ቀደማቸው። ለአርባው አልተጠራም። ዓሣ ማርባቱን ግን በልጅነታቸው አብረው የጀመሩት ነው። ራዶይካ ስልኩን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ እንደገና አንስታ ደወለች።

ብዙም አልቆየ። ኮቱ ውስጥ አንድ ትልቅ፣ አፈ ሰፊ ብልቃጥ አቅፎ መጣና ጫማውን በር ላይ አውልቆ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደ።

"እትዬ፣ ስፖንጁን ምን አደረግሽው?"

"አጠብኩት።"

"በምን?"

"በበረኪና።"

"ኧረ በስመ አብ!" ከገንዳው ትንሽ ውሃ በቀጭን ጠርሙስ ቀድቶ የመመርመሪያ ጠብታ ጨመረበት። ቢጫ መሆን የነበረበት ውሃ ድፍን አረንጓዴ ሆነ። "ይኸውልሽ፣ አሞኒያ ነው። ከኩሳቸውና ከምግብ ትራፊ የሚወጣ መርዝ። መርዙን የሚበሉላቸው ባክቴሪያዎች ነበሩ፤ ቤታቸው ደግሞ አንቺ ቆሻሻ ያልሽው ነገር ነው። ሚሎራድ እኮ ከዚሁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ ነበር የሚመልሰው።"

"በገዛ እጄ ፈጀኋቸዋ!"

"ገና ነው። ለቅሶውን ተይና ባልዲ አምጪ።"

"ውሃውን በሙሉ ልድፋው?"

"በሙሉማ በድንጋጤ ያልቃሉ! ግማሹን ብቻ። ምግብም እኔ እስክልሽ ድረስ የለም። ዴሳንካ፣ ሰማሽ?"

ግማሹን ቀዱት። ቲሆሚር ለብ ባለ የቧንቧ ውሃ ላይ የክሎሪን ማርከሻ ጨምሮ ገንዳውን ቀስ እያለ ሞላ። ከዚያ ከብልቃጡ ቡናማ ነገር የሚያንጠባጥብ ስፖንጅ አውጥቶ ገንዳው ውስጥ ጭምቅ ጭምቅ አደረገውና ማጣሪያው ውስጥ አስገባው። ያ ሲያበራ የነበረው ገንዳ ደፈረሰ።

"ወይኔ ጉዴ! ነገ አክስቶቹ ምን ሊሉ ነው?" አለች ዴሳንካ፤ ገንዳውን የምትሸፍንበት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ልታመጣ ሮጠች።

"ከየት አመጣኸው?" አለች ራዶይካ።

"ከእኔ ገንዳ፤ ባክቴሪያዎቹ ውስጡ ናቸው።" ቲሆሚር እጁን ለመጥረግ ጊዜ ወሰደ። "መጀመሪያ የሚሎራድ ነበር። ገንዳ ስጀምር ከራሱ ስፖንጅ ግማሹን ቆርጦ ሰጠኝ። ከተጣላን በኋላ ልጥለው አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።"

ራዶይካ ወደ ድፍርሱ ውሃ አየች። አንደኛው ትልቅ ዓሣ አሁንም ያለከልካል፤ ሌላው ግን ከውሃው አናት ትንሽ ወረድ ብሏል። መትረፋቸው ገና አልታወቀም።

"ውሃው በየቀኑ መለወጥ አለበት" አለ ቲሆሚር ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል። "ነገ እንግዶቹ ሳይመጡ በማለዳ ልጨርስልሽ? ወይስ ማታ፣ ከሄዱ በኋላ?"

ዴሳንካ የጠረጴዛውን ልብስ ገንዳው ላይ ልታለብስ እጇን ዘረጋች። ራዶይካ ተቀበለቻትና አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

"በማለዳ ና" አለችው። "ጨርሰህ ግን አትሂድ። ንፍሮውን እስከ መቃብሩ የምትይዝልኝ አንተ ነህ።"