ቁርስ የለመደች መኪና

ጋራዡን ከከፈተች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ከሁሉ አስቸጋሪው ደንበኛዋ ደግሞ የገዛ አባቷ ሆነ። ሌላ ደንበኛ ካልተስማማው ሄዶ ይቀራል፤ አባት ግን ራት ላይም ይጠብቃል።

አባቷ ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በየጠዋቱ ወንበሩን ጋራዡ በር ላይ ዘርግቶ ይቀመጥና ለሚመጣው ሁሉ እሷን ቀድሞ መልስ ይሰጣል። እሱ ለመርዳት ብሎ ነው። ሰዉ ግን "ልጅቷ አታውቅም ማለት ነው" ብሎ ይሄዳል።

ሰኞ ዕለት የእሱ መኪና ቆማ ስትሰራ መንቀጥቀጥ አመጣች። ልጅቷ የአየር መግቢያውን ከጥላሸት አጠበች፣ የመኪናዋ ኮምፒውተር የያዘውንም የድሮ የአየር ልክ ሰረዘች።

"ኮምፒውተሩ አሁን አዲስ ተማሪ ነው" አለችው። "ሞተሩ ሲሞቅ ዐሥር ደቂቃ ሳትነካው ይስራ። ልኩን ራሱ ያገኘዋል።"

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። የእሱ ራስ መነቅነቅ "ሰምቻለሁ" እንጂ "እሺ" ማለት አይደለም።

ማክሰኞ የመኪናዋ ሞተር መስቀለኛ መንገድ ላይ ጠፋበት። ረቡዕ ሁለት ጊዜ። ሐሙስ አባቷ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "እስከ ነገ ካልተስተካከለች ጆሮ ጋ እወስዳታለሁ" አላት።

ጆሮ የቀድሞ አለቃዋ ነው፤ የሞተርን ሕመም በድምፁ ብቻ ያውቃል ስለሚባል የወጣለት ስም ነው። ጋራዡ ከእሷ ፊት ለፊት ነው። ስትለቅ "ራስ ሳይጠና ጉተና" ብሎ የሸኛትም እሱ ነው። የአባቷ መኪና ያን መንገድ ከተሻገረች ሰፈሩ የሚለው የታወቀ ነው፤ አባቷ ያላመናትን ማን ያምናታል? ፈራች፤ እውነቱን ለመናገር ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ዓርብ ጠዋት ከአባቷ ጎን ገብታ ተቀመጠች። "እንደ ሁልጊዜህ አስነሳ" አለችው።

ቀበቶውን አሰረ፣ መስታወቱን አስተካከለ። ከዚያ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ቤንዚን መስጫውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ረገጠ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቁርሷ ነዋ። በባዶ ሆድ ማን ይነሳል?"

ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ዝቅ ሲል የአባቷ እግር ቤንዚኑን ነካ አደረገ። ዝቅ አለ፤ ነካ። ልጅቷን ሳቅ አመለጣት።

"አባዬ፣ ቁርሱ ለድሮዎቹ ባለ ካርቡራተር መኪኖች ነው። ይቺ ራሷ ትበላለች። አንተ በረገጥክ ቁጥር ኮምፒውተሩ 'ሹፌሩ ሊሄድ ነው' ብሎ ትምህርቱን ያቋርጣል። እስካሁን ሀ ብሎ አልጀመረም።"

"ታዲያ ስትቸገር ዝም ብዬ ልያት?"

"ዝም ብለህ እያት።"

እግሩን ግን ማን ይያዘው? አርባ ዓመት የሰራ እግር ነው። በመጨረሻ ጫማውን አስወልቃ፣ መቀመጫው ላይ እግሩን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አደረገችው። ጎረቤቶች በመስኮት እያዩ ያልፋሉ።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በስድስተኛው ደቂቃ ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ሊጠፋ ደረሰ። የአባቷ አውራ ጣት በካልሲው ውስጥ ተንቀሳቀሰ። እሷም ጉልበቱን ያዘች፤ አሁን ከጠፋ ሁሉም ነገር አበቃ። ሞተሩ አንዴ ተንገዳገደና ራሱን አነሳ። ከዚያ ድምፁ ረጋ፤ እንደረጋም ቀረ።

አባቷ ያጣጠፈውን እግሩን አየ። "እንዳይማር ያደረግኩት እኔ ነኝ ለካ" አለ በመጨረሻ።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ ታክሲ ነጂ መጣ።

"ጋሼ፣ መኪናዬ ዳገት ላይ እየደከመች ነው። ምን ሆና ይሆን?"

አባቷ አፉን ከፈተ። መልሱን ያውቀዋል፤ ቢያንስ የሚያውቀው ይመስለዋል። አፉን መልሶ ዘጋ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ እግሩንም ወንበሩ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ።

"የጋራዡ ባለቤት ውስጥ ናት" አለው።