የዶክተር ያሕያ ሽማግሌዎች

ዶክተር ያሕያ ዕድሜውን የፈጀው ግዕዝ፣ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ሲያገላብጥ ነው። በየሃይማኖቱ ሰዎች እንዴት እንደሚጋቡ ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል፤ እሱ ራሱ ግን አርባውን አልፎም ወንደላጤ ነው። ዊንጌት አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠውን ዘይነብን ከወደደ ቆይቷል። ፊቷ ሲቆም ታዲያ ያ ሁሉ ቋንቋ ድራሹ ይጠፋና መጋረጃ ገዝቶ ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ለዘይነብ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰማ። ክው አለ። እሑድ ማለዳ የራሱን ሽማግሌዎች ሰበሰበ፦ ግዕዝ አብሮት የሚያነበውን መሪጌታ ስብሐትን፣ የዓረብኛ ወዳጁን ሼህ ሬድዋንን፣ ያለ ቀበሌ ፈቃድ መሰብሰብ ያስጠይቃልና የቀበሌውን ሊቀመንበር ጓድ ገለታንም ጨመረ። ዕውቀታቸውን እንጂ ጠባያቸውን አላሰበም፤ የተማረ ሰው ነገር!

ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። እነዚህ ግን የዘይነብ አባት ሐጂ ቡሽራ "ግቡ" ከማለታቸው ዘጭ ዘጭ አሉ።

ያሕያ ቤቱ ሆኖ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚመለስ የለም። እኩለ ቀን ሲሆን ወጉን ጥሶ እየሮጠ ሄደ። ገና ከደጅ ጩኸት ተቀበለው።

"በኖኅ መርከብ ላይ የተነገረው ግዕዝ ነው!" ይላሉ መሪጌታ።

"ዓረብኛ ነው እንጂ!" ሼህ ሬድዋን ናቸው።

"ጓዶች፣ መጀመሪያ መርከቧ የማን ንብረት ነበረች?" አለ ጓድ ገለታ።

ሐጂ ቡሽራም "እንስሳቱስ በምን ተግባቡ?" እያሉ ያራግባሉ። ለዓመታት በየሽማግሌዎቹ ቤት እየዞረ በዚህ ጥያቄ ያባላቸው ያሕያ ራሱ ነበር። ማልቀስ አማረው።

ዘይነብ በሩ ላይ አገኘችው።

"ዶክተር፣ ሽማግሌዎችዎ ለምን እንደመጡ እስካሁን አልተናገሩም። እርስዎ ያውቃሉ?"

"እ... ማለቴ... አንቺን እንዲሰጡኝ ነው። እወድሻለሁ። በቃ።"

ዘይነብ ሻሿን አስተካክላ ወደ ውስጥ ገባች።

"አባባ፣ ዶክተሩ የላካቸው እኔን እንድትሰጠው ነው። እኔ ፈቅጃለሁ፤ የቀረው ያንተ ነው።"

ክርክሩ ቀጥ አለ። ሐጂ ቡሽራ በሩ ላይ የቆመውን ምሁር አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ አንጀታቸውን በላው።

"እንግዲህ" አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ "አሁን ከመርካቶው ነጋዴ ተልከው የሚመጡትን ሰዎች እናንተው ተቀበሉልኝ። ልጅቷ ተሰጥታለች በሏቸው።"