የእማማ ፋሊ እናት መልክ

የሙታን በዓል ሊደርስ ሲል ጎረቤቴ እማማ ፋሊ እንቅልፍ አጡ። ሙታኖቻችን በዓመት አንዴ ርቧቸው ሲመጡ ቤቱን የሚለዩት በፎቷቸው ነው ብለው ያምናሉ። የእናታቸውን ፎቶ ደግሞ አገር ቤት ሳሉ በጨካኙ ገዢ በፖል ፖት ዘመን፣ ፎቶ ሰው በሚያስገድልበት ጊዜ፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ ቀብረውት ቀርቷል። ይባስ ብሎ መልኳ ከራሳቸውም ልብ እየጠፋ ነው።

ማካራ የምትባል ልጅ ተሰደን የምንኖርባትን የሎንግ ቢች ከተማ አዛውንቶቻችንን ፎቶ ልታነሳ ስትመጣ፣ እማማ እኔን ተዪኝና እናቴን አንሺልኝ አሏት። ሞተው የለም ወይ ብትላቸው፣ በሕይወት ብትኖር አንቺ ምን ታደርጊልኛለሽ አሏት።

እኛ ሰፈር እምቢ ማለት ነውር ነው። ዶናት ጋጋሪው ቡንቶን ግንባሩ ቁርጥ የእናታቸው ነው ተብሎ፣ ከነጺሙ ሽርጥ ታጥቆ፣ የሴት ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ። ጺሜን ልላጭ ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ዝም ብለህ ቀና በል። እናቴ እንዳንተ ጎብጣም ለፍልፋም አታውቅም" አሉት።

ጆሮ ከእኔ፣ አፍንጫ ከዓሣ ሻጯ፣ አገጭ ከመነኩሴው ተወሰደ። መነኩሴው አገጭን ለሴት ማዋስ ይፈቀድ እንደሆነ ሲያሰላስሉ ዋሉ። ማካራ ሁሉንም በኮምፒውተር ገጣጥማ፣ ጺሙን አጥፍታ አመጣችው። እማማ ከመቸኮላቸው የተነሳ ፎቶውን ሰቅለው፣ ዕጣን ለኩሰው፣ ሦስቴ ሰግደው ሲያበቁ ነው መነጽራቸውን ያደረጉት።

ወደ ፎቶው ጠጋ አሉ። እሷ ናት ወይ አልኳቸው።

"አማቴ ናት።"

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አማታቸው፣ እማማ በሳቁ ቁጥር የምትቆነጥጣቸው ሴት ነበረች። ማካራ ላስተካክለው አለች። እማማ ግን ዕጣን የተለኮሰለትን ሰው ተመለስ አይሉትም ብለው ከለከሏት። ቡንቶን በሰው አማት ግንባር እየዞረ መኖሩን ሲሰማ ኮፍያ ገዛ።

በበዓሉ ማለዳ እማማ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝ ፎቶው ፊት አቀረቡ። ከዚያ ሳህኑን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"ይበላሉ እትዬ" አሏት። "መጀመሪያ ግን ሄደው እናቴን ይፈልጉልኝ። እርስዎ መልኳን ያውቁታል።"